ብልቃጡ ውስጥ የነበረው፦ የስፖርት ሳይንስን ለሚመረምሩ ጋዜጠኞች ከጎጃም የማካፍለው ተሞክሮ

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ፤ ከማስተማሩ ሌላ ለወረዳና ለዞን ውድድር ሯጮችን እየመረጥኩ ተስፋ ያላቸውን ለታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች አስረክብ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ የውድድር ዘገባ ለጋዜጣ መላክ ጀመርኩ፤ ዛሬ ደግሞ ሯጮች ስለሚወጉት፣ ስለሚበሉትና ስለሚጫሙት ነገር በሳይንስ ስም የሚነገረው ምን ያህል እውነት እንደሆነ መመርመር ዋና ሥራዬ ሆኗል። ከስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችና ከጀማሪ ጋዜጠኞች በየጊዜው ጥያቄ ስለሚደርሰኝ፣ ብዙ ያስተማረኝንና ብዙም ያሳዘነኝን የመጀመሪያውን ምርመራዬን በዝርዝር ብጽፍላቸው ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ። የሰዎቹንም ሆነ የቦታዎቹን ስም አልጠቅስም፤ አንዳንድ ዝርዝሮችንም ሆን ብዬ ቀይሬአለሁ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ቀድሞ ያስተማርኳት፣ ከዚያም ወደ አንድ የማሰልጠኛ ካምፕ የገባች ልጅ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቧ በመጣችበት ሰሞን ቤቴ ድረስ መጣች። በመሐረብ የቋጠረችውን ፈትታ አንዲት ትንሽ ባዶ ብልቃጥ አወጣችና «ጋሼ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚወጉን ይህን ነው፤ ምን እንደሆነ ያዩልኝ» አለችኝ። የብልቃጧ ወረቀት ግማሹ ተልጧል። ጊዜው የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በአበረታች ቅመሞች ቁጥጥር ረገድ አስቸኳይ እርምት ከሚያስፈልጋቸው አምስት አገሮች መካከል ከመደበ ብዙም ያልራቀ ነበርና፣ ብልቃጧን ገና እንዳየሁ ልቤ ወደ አንድ ነገር ብቻ ሄደ። ኩላሊት በተፈጥሮ የሚያመነጨውና ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያደርገው፣ ሰው ሠራሽ ዓይነቱም በስፖርት የታገደው ኢፒኦ ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሌሊት ምንም ሳላረጋግጥ የጽሑፉን ርእስ ጽፌ አደርኩ።

በማግስቱ ብልቃጧን ደብረ ማርቆስ ወዳለ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ወሰድኳት። ቀሪውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ካየ በኋላ ውስጧ የነበረው አይረን ሱክሮስ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ የብረት መድኃኒት፣ መጠኑም 5 ሚሊ ሊትር ሆኖ 100 ሚሊ ግራም ብረት የያዘ መሆኑን ነገረኝ። ብረት በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ዋዳ በምንለው ድርጅት፣ የታገደ ንጥረ ነገር አይደለም። በዚያ ሌሊት የጻፍኩትን ርእስ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ምንም የታገደ ነገር ያልወሰዱ ልጆች ስማቸው እስከ መጨረሻው በዶፒንግ ይነሣ ነበር። ሆኖም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጅቱን ደግሜ ስጠይቃት አንዳንድ ጊዜ መርፌውን እንደማይወጉ ነገረችኝ፤ «ግሉኮስ ተሰቅሎልን በሱ ውስጥ ይገባል» አለችኝ። በዋዳ ደንብ ደግሞ የሚታገደው ንጥረ ነገሩ ብቻ ሳይሆን የአሰጣጡ ዘዴም ነው፤ በሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ በስተቀር በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ በዚያን ጊዜ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ50 ሚሊ ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ያው የተፈቀደ ብረት በትንሽ መርፌ ሲሰጥ ጥፋት አይሆንም፤ በካምፕ ውስጥ በተሰቀለ ትልቅ ከረጢት ሲሰጥ ግን አትሌቷን ሊያስቀጣት ይችላል። ይህን ልዩነት ከልጆቹም ሆነ መርፌውን ከሚወጉት አንድም የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ደንቡን ከዳር እስከ ዳር እስካነበብኩ ድረስ አላውቅም ነበር።

አሰልጣኙን ለማግኘት ስሄድ ሌባ የማገኝ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ግን ከደመወዙ ቀንሶ መድኃኒት የሚገዛ፣ ልጆቹን እንደ ልጆቹ የሚያይ ሰው ነበር። ወጣት ጋዜጠኞች ይህን እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ፦ በእኛ አካባቢ በስፖርት ሳይንስ ስም የሚፈጸመው አብዛኛው ጉዳት ከተንኮል ይልቅ በግማሽ ከተነበበ እውቀት የሚመጣ ነው፤ በወንጀለኛ ፊት የሚቀርበውን ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ግማሽ እውቀት ሊያገኘው አይችልም። እኔ ለሁለት ቀን ልምምዱን ዳር ቆሜ ካየሁ በኋላ ብቻ ነው «ለመሆኑ ብረት እንደሚያስፈልጋቸው በምን አወቅህ?» ብዬ የጠየቅሁት። እሱም ከደብተሩ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «አየህ፣ በዚህ ከፍታ የሴት ልጅ ሂሞግሎቢን ከ13.3 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው» አለኝ።

ወረቀቱ ሐሰት አልነበረም። ሂሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በባሕር ጠለል ለሚኖሩ ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች የደም ማነስ ወሰኑን በዴሲ ሊትር 12 ግራም አድርጎ፣ ከፍታ ሲጨምር ወሰኑ እንዲጨምር በሠንጠረዥ አስቀምጦ ነበር፤ በ2,500 ሜትር የሚጨመረው በዚያን ጊዜ 1.3 ነበር (ሠንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሏል)። የሠንጠረዡ መነሻ ሐሳብ ኦክስጅን በሚሳሳበት ደጋ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ በዚያው ልክ ይበዛል የሚል ነው። በካምፑ ከነበሩት ሴቶች ውስጥ 12.5 እና 12.9 የተለኩት በዚህ ስሌት «ደም አነሳቸው» ተብለው ነበር መርፌ የጀመሩት።

እዚህ ላይ ነው ሥራዬ በእውነት የተጀመረው። ሠንጠረዡ ለእኛ ደጋ ሰዎች ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዤ ስፈልግ፣ ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ጥናት አገኘሁ። ጥናቱ የተሠራው ከዓባይ ማዶ በስሜን ተራሮች፣ አምባራስ በሚባል በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ቦታ በ236 ሰዎች ላይ ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሂሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢናቸው እጅግ ከፍ ሲል፣ የአምባራስ ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ደም ይዘው ተገኙ። አሁን ያን የአሰልጣኙን ሠንጠረዥ በእነሱ ላይ እንሞክረው፦ ለ3,500 ሜትር የሚጨመረው 2.7 ስለነበር የሴቶች ወሰን 14.7 ይሆናል። አማካያቸው 15.0 ከሆነ፣ ከጤነኞቹ ሴቶች እጅግ ብዙዎቹ በወረቀት ላይ በሽተኞች ሊሆኑ ነው።

ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ወዲያውም ራሴን መግታት ነበረብኝ። አምባራስ ጮቄ አይደለም፤ የተለኩትም በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጡ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች አልነበሩም። ጥናቱ የሠንጠረዡን ስሌት በእኛ ደጋ ላይ እንዳለ መጠቀም አጠራጣሪ መሆኑን ያሳያል እንጂ የካምፑ ልጆች ብረት አልጎደላቸውም አይልም። ያን ለማወቅ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያመለክተው ፈሪቲን መለካት አለበት፤ እሱም ቢሆን ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ስለሚል ብቻውን አይበቃም። ፈሪቲን የተለካላት አንዲትም ልጅ አልነበረችም፤ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ምርመራው የለም። ሰውነት የተረፈውን ብረት ፈልጎ የሚያስወጣበት መንገድ ስለሌለው፣ ሳይለኩ ደጋግሞ መውጋት ብረቱ በጉበትና በሌሎች አካላት እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ከጥናቱ ጋር ግንኙነት ለሌላቸው ሦስት ሐኪሞች የጻፍኩትን አንቀጽ በስልክ አነበብኩላቸው፤ አንደኛዋ ስለ ፈሪቲን የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አርማልኛለች።

አጎቴ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ተማሪው ቢያደንቀውም አገባቡን ካልፈታ ተቀብሏል አይባልም ይሉኝ ነበር። ጥናት ሳነብ ይህ ትዝ ይለኛል። የጥናቱ ማጠቃለያ በየድረ ገጹ በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ጋዜጠኛ እሱን ብቻ አንብቦ ይጽፋል፤ አገባቡ ግን ያለው «ዘዴ» በሚለው ክፍል ነው። ማን ተለካ? ስንት ሰው? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ወጪውን ማን ሸፈነ? ለምሳሌ በአሁኑ ጊዜ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያሉ ወጣት ሯጮች ወላጆቻቸው በሬ ሸጠውም ቢሆን እንዲገዙላቸው የሚለምኑት፣ በሶሉ ውስጥ የካርበን ንጣፍ ያለው የካርበን ጫማ «4 በመቶ ያፈጥናል» ይባላል። የዚህ አነጋገር ምንጭ የሆነው ጥናት የተሠራው በ18 ወንዶች ላይ ነው፤ ሁሉም 10 ኪሎ ሜትርን ከ31 ደቂቃ በታች መሮጥ የሚችሉ ነበሩ፤ 4 በመቶ የቀነሰውም በሩጫ ጊዜ የሚወጣው ኃይል እንጂ ሰዓቱ አይደለም፤ ድጋፉም የመጣው ከጫማው አምራች ከናይኪ ነበር። ጥናቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጫማው በእርግጥ ለውጥ አምጥቷል። ነገር ግን ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ጀማሪ የሞጣ ልጅ 4 በመቶ ቃል አልገባላትም። የስፖርት መጠጦችም እንዲሁ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች መጠጦችን ጨምሮ በ104 የስፖርት ምርቶች ላይ የቀረቡ 431 የማስታወቂያ ቃላትን መሠረት ሲፈትሹ፣ ከገመገሟቸው ጥናቶች ጥራታቸው ከፍተኛ ሆኖ ያገኟቸው ሦስቱን ብቻ ነበር።

ሙሉውን ጥናት ለማግኘት ገንዘብ የሌለን ሰዎች ቀላል መንገድ አለን፤ በማጠቃለያው ሥር ለተጻፈው የተመራማሪ ኢሜይል በአጭሩ መጻፍ ነው። ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ። የተላከልኝን ሁሉ አትሜ በካርቶን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሥራዬን ያቆየልኝ ይህ ካርቶን ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ስትፈልጉም ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውና መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። መልስ ባይሰጣችሁ እንኳ የተቀበሉበት ማኅተምና ቀን ያለበት ቅጂ ለጽሑፋችሁ ማስረጃ ይሆናል።

የዕድሜ ነገርም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። «ዕድሜዋን ቀነሰች» የሚል ጥቆማ ሲደርሳችሁ አስቀድማችሁ የቀን መቁጠሪያውን ፈትሹ። በኅዳር 1995 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደችው በ2002 ነው፤ በየካቲት 1995 የተወለደችው ግን በ2003 ነው። ሰነድ የሚሞላው ሰው ለሁሉም ስምንት ዓመት የሚደምር ከሆነ የኅዳሯ ልጅ በአንድ ዓመት ታንሳለች፤ ከ20 ዓመት በታች ውድድር የሚታየው ደግሞ የትውልድ ዓመቱ ስለሆነ ያ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጭበርበር የለም አልልም። የመደመር ስሕተትን ማጭበርበር ብሎ መጻፍ ግን ከባድ በደል ነው።

ወደ ብልቃጧ ልመለስ። ልጅቱ ቤት ሄጄ እናቷን ሳነጋግር፣ እናቲቱ ስለ መርፌው ብዙም አልተጨነቁም። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር እንዳለ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ለእኔ ለወንድ ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም። በሚቀጥለው ጊዜ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለምኜ አብራኝ ሄደች፤ እኔ ውጭ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጥታ ልጅቱ የወር አበባ ካየች ስምንት ወር እንዳለፋት፣ በካምፑም እንደሷ ያሉ ሌሎች እንዳሉ፣ ይህንንም በነሱ ፈቃድ እንደምትነግረኝ ገለጸችልኝ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች መግለጫ፣ አትሌት ለልምምድ የምታወጣውን ያህል ሳትመገብ ስትቀር የወር አበባ መቋረጥ፣ የአጥንት መሳሳትና የድካም መደራረብ እንደሚከተል ተብራርቷል። በካምፑ የሚቀርበው ምግብ ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ መኮሮኒ ነበር፤ ልጆቹ ጾሙን አያጎድሉም፤ በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ምንም ሳይቀምሱ ማለዳ 18 ኪሎ ሜትር ይሮጡ ነበር። እኔ ስለ ጾም ለመጻፍ ፈርቼ ነበር፤ በመጨረሻም የጻፍኩት ጾሙን ሳልነቅፍ፣ የልምምዱ ሰዓት ለምን ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዳልተስማማ በመጠየቅ ነበር። ካህናቱም አሰልጣኙም ይህን በቅን ልብ ተቀበሉት። ድካሙ የምግብ ማነስ ሊሆን ሲችል ሁሉም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ለወራት መርፌውን ብቻ ሲያይ ነበር የከረመው።

ጽሑፉ ወጣ። የልጅቱን ስም አልጻፍኩም፤ የካምፑንም፣ የወረዳውንም ስም አልጻፍኩም። ነገር ግን «በ3,000 ሜትር መሰናክል የምትወዳደር፣ የካህን ልጅ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ለአንባቢ ሰው ሆና እንድትታየው ፈልጌ ነው። በዚያ ካምፕ መሰናክል የምትሮጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ቀን ማን ምስጢር እንዳወጣ ሁሉም አወቀ፤ በሳምንቱ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እናቷ ቡና አፈሉልኝ፤ እኔ ግን መጠጣት አቃተኝ። እሳቸውም «ስሟንማ አልጻፍከውም ልጄ፤ እሷን ግን ሥለህ ሰጠሃቸው» አሉኝ። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ውድድር አላየችም። ምርመራው ጥቅም እንዳመጣ ሰዎች ሲነግሩኝ ይህን ሁለት ዓመት አስቀድሜ አስባለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ለውጫለሁ። ስሙ የማይጠቀስ ሰው ያለበትን ጽሑፍ ከማተሜ በፊት አካባቢውን ለሚያውቅ፣ ጉዳዩን ግን ለማያውቅ አንድ ሰው አስነብባለሁ፤ «ይህ እገሌ ነው» ካለኝ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ቦታው፣ የውድድሩ ዓይነት፣ የአባት ሥራ፣ የወንድምና የእህት ቁጥር፣ የጠባሳ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ከእሷ ሌላ የወላጅ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ የምጠቅሰውን ቃሏን በአማርኛ፣ እንደሚታተም አድርጌ መልሼ አነብላታለሁ፤ ሐሳቧን ለመለወጥም ሁለት ቀን እሰጣታለሁ። አዘጋጆች ይህን አይወዱትም፤ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔም ጽሑፍ አምልጦኝ ያውቃል። ደግሞም ይህ ሥራ ብቻውን ቤት አያስተዳድርምና አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን አስተምራለሁ፤ ለጀማሪ ሌላ መተዳደሪያ ሳይዝ እንዳይገባበት በግልጽ እመክራለሁ፤ የተራበ መርማሪ ከጫማ ነጋዴና ከመጠጥ አስመጪ የሚመጣለትን «ድጋፍ» እምቢ ማለት ይከብደዋል።

አሰልጣኙ ለአንድ ዓመት ያህል አኮረፈኝ። ከዚያ አንድ ቀን ደውሎ ፈሪቲን የት እንደሚለካ ጠየቀኝ፤ ናሙናው ወደ ባሕር ዳር የሚላክበትን መንገድ አብረን አፈላልገን አገኘን። አሁን ምርመራ ሳይደረግላት መርፌ የምትወጋ ልጅ በእሱ እጅ የለችም፤ የልምምዱንም ሰዓት በጾም ወራት ወደ አመሻሽ አዛውሮታል።

ልጅቱ እንደ ድሮው ባይሆንም ወደ ሩጫ ተመልሳለች፤ ሕፃናትንም ታሠለጥናለች። ረቂቆቼን አስቀድሜ የማስነብባት ሰው እሷ ናት። ባለፈው ጥቅምት ስለ ካርበን ጫማ የጻፍኩትን ሰጠኋት፤ ሁለት ጊዜ አንብባ በእርሳስ ከአንድ መስመር ሥር አሰመረች። «በግራ ጉልበቷ ላይ የቃጠሎ ምልክት ያላት» የሚል ነበር። «ጋሼ፣ ይችንስ አወቅኋት» አለችኝ። መስመሩን ሰረዝነው።